ግጥም የማይሰጥ እንግዳ

ይህን ገጠመኝ በሠርግ ቤትና በወዳጆች ጨዋታ ላይ ብዙ ጊዜ እንድናገረው ተጠይቄ ተናግሬዋለሁ። ሰዎች የሚስቁበትን ቦታ ስለማውቅ እዚያ ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ። በቃል ሲነገር ግን ሁልጊዜ የሚቀር አንድ ክፍል አለው፤ የማያስቀው ክፍል ነው። ዛሬ በጽሑፍ ሳቀርበው እርሱንም ጨምሬ ሙሉውን ለማስቀመጥ ቆርጫለሁ። አንባቢዬ፣ ትዕግሥትህን እለምናለሁ፤ ነገሩ በአንድ ምሽት የተፈጸመ ቢሆንም በዝግታ ካልነገርኩት አይገባም።

ደርግ ከወደቀና የሰዓት እላፊው ጨርሶ ከተነሣ በኋላ ባለው ጊዜ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍትን በየዘርፋቸው የመለየት ሥራ እሠራ ነበር። የምኖረው ገርጂ ውስጥ፣ በአንድ ግቢ ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ነው። ብዙ አነባለሁ፤ ጥቂት እናገራለሁ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለነበር ቅዳሴ ላይ እጅን አጣምሮ፣ ዓይንን ከፍ አድርጎ፣ ሳይነቃነቁ ማዳመጥን አስተምሮኛል። ማዳመጥ ሌላ ዓይነት መልክ ሊኖረው እንደሚችል እስከዚያ ምሽት ድረስ አላውቅም ነበር።

በዚያው ዘመን ሂሩትን ወደድኩ። ቦሌ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጻሕፍት ለመዋስ ትመጣ ነበር። በዓመቱ ውስጥ ትውውቃችን ወደ ቁም ነገር ተሸጋገረና መስቀል ካለፈ በኋላ ሽማግሌ እንድልክ ተስማማን። አባቷ አቶ ደግፌ ግን ስለ እኔ መኖር እንኳ አያውቁም። እኔም እርሳቸውን አይቻቸው አላውቅም። የማውቀው፣ በአንድ ወቅት ከአትላስ ወደ ውስጥ በሚገባው ኮረኮንች መንገድ ላይ ሰፈሩ ሁሉ «ደግፌ ጋ» እያለ የሚጠራው የሙዚቃ ቤት ባለቤት እንደነበሩ፣ ቤቱ በሰዓት እላፊ ምክንያት ተዘግቶ የቀበሌ መሰብሰቢያ አዳራሽ እንደሆነ፣ አሁን ደግሞ አዳራሹ ተመልሶላቸው በዘመን መለወጫ ሰሞን ዳግመኛ ሊከፍቱት መሆኑን ነው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሂሩት ናት። ቤቱ ሲዘጋ ሕፃን ስለነበረች እርሷም ከዚህ በላይ አታውቅም።

አንድ ቀን መጽሐፍ ስትመልስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የመክፈቻው ምሽት እንድመጣ ጠየቀችኝ።

«አባቴ ሰውን በፊቱ ነው የሚመዝነው» አለችኝ። «ስምህን ከሽማግሌ ከመስማቱ በፊት ፊትህን ቢለምደው ደስ ይለኛል።»

«ምን ብዬ ልግባ?»

«ምንም። ሙዚቃ ሊሰማ የመጣ ሰው ነህ። እኔን ግን እንዳታናግረኝ፤ ስሜንም እንዳትጠራ።»

ማስጠንቀቂያዋ አላስፈለገኝም። ሽማግሌ ሳይልክ ራሱን በልጅቷ አባት ፊት የሚያቀርብ ሰው ደፋር ወይም ባለጌ ተብሎ እንደሚቆጠር ከእርሷ ይልቅ እኔ አጥብቄ አምን ነበር። እንግዲህ ያን ምሽት የተሸከምኩት ምሥጢር ይህ ብቻ ነው፤ ለመታየት መጥቻለሁ፣ ግን ለምን እንደምታይ መናገር አልችልም።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ የክረምቱ ዝናብ ገና አልጨረሰም ነበር። ያለኝን አንድ ሱፍ ለበስኩ። የኮቱ ክርን ተቀዶ ስለነበር ከላይ የአባቴን ጥቁር ካፖርት ደረብኩና እስከ አንገቴ ቆለፍኩት። የግቢያችን ተከራይ የሆነው ሰይድ፣ የወሎ ልጅ ነው፣ ከገርጂ ቦሌ ሚኒባስ ይነዳል፤ በመንገዱ ሊያደርሰኝ ከጎኑ አስቀመጠኝ። አንድ ጊዜ መንገዱን፣ አንድ ጊዜ እኔን እያየ ብዙ ሄደ። በመጨረሻ እንዲህ ሆኜ ከገባሁ ቤቱን ሊያሽግ የመጣ ሰው እንደምመስል ነገረኝ። ካፖርቱን እርሱ ዘንድ ትቼ በሹራብ እንድገባም መከረኝ። «መስፍኔ፣ ሙዚቃ ቤት እኮ ነው የምትሄደው፤ ቀብር አይደለም» አለኝ። ምክሩን እንደ ቀልድ ወሰድኩት።

አዳራሹ ሰፊና ጣሪያው ዝቅ ያለ ነበር። ግድግዳው ነጭ ቀለም ቢቀባም ከቀለሙ ሥር የቀይ ፊደላት ጥላ አልጠፋም፤ የድሮ መፈክር ነው። አግዳሚ ወንበሮቹም የቀበሌው ስብሰባ ቅሪት መሆናቸው ያስታውቃል። በእነርሱ መካከል አዳዲስ ጠረጴዛዎች ገብተዋል፤ መሬቱ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ከፊት ለፊት ባለው ዝቅተኛ መድረክ ላይ ኦርጋን፣ ድራም፣ ቤዝ ጊታርና ሳክስፎን የያዙ ወጣቶች፣ ከጎናቸው ደግሞ አንድ ሽበታም ማሲንቆ መቺ ተቀምጠዋል። ሂሩት ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ብርጭቆ ትደረድራለች። አየችኝ፤ ወዲያው ዓይኗን መለሰች።

እኔም ከኋላ፣ ምሰሶው አጠገብ ካለው ባዶ ጠረጴዛ ሄጄ ተቀመጥኩ። የመረጥኩት ከዚያ ሆኖ ሁሉንም ሰው ማየት ስለሚቻል ነው። አቶ ደግፌ የትኛው እንደሆኑ ማወቅ ነበረብኝ። ስለዚህ ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶችን አንድ በአንድ ማጥናት ጀመርኩ። የሂሩትን ግንባር ወይም አገጭ ፍለጋ በእያንዳንዱ ፊት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ፤ ሰውየው ቀና ሲል ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። አስተናጋጁ መጣና ምን እንደምጠጣ ጠየቀኝ። አልኮል ስለማልቀምስ አምቦ ውሃ አዘዝኩ። ካፖርትዎን ልቀበልዎ ሲለኝም አይሆንም አልኩት፤ ምክንያቱን ታውቃለህ።

ሙዚቃው ተጀመረ። ዘፋኟ እትዬ አስካለ ትባላለች፤ ሰው ሁሉ በዚሁ ስም ነው የሚጠራት። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም፤ ድምፅዋ ግን የሸካራ ማር ዓይነት ነበር፤ ጣፋጭና ጉሮሮ የሚይዝ። ቤቱ ሞቀ። ሰዎች ያጨበጭባሉ፣ በትከሻቸው ይመልሳሉ፣ ከወዲያ ወዲህ ግጥም ይወረወራል። እኔ እጄን አጣምሬ፣ አባቴ እንዳስተማረኝ ሳልነቃነቅ አዳመጥኩ። እውነቱን ልናገርና በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከውጭ ግን ደስታዬ አልታየም።

ለውጡን መጀመሪያ ያስተዋልኩት በአጠገቤ ነው። ከግራዬ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብርጭቋቸውን ይዘው ወደ ፊት ተዛወሩ። ቀጥሎ ከቀኜ ያሉት ተነሡ። ወደ መድረኩ መቅረብ ፈልገው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ከዚያ አስተናጋጁ ያላዘዝኩት ውስኪ ይዞ መጣ፤ አስከትሎም የጋለ ጥብስ በሸክላ አቀረበ። በስሕተት የሌላ ሰው ትእዛዝ የመጣልኝ መሰለኝና፣ በጣም በጨዋ አነጋገር፣ ያላዘዝኩትን ነገር እንደማልቀበል ገለጽኩለት። አስተናጋጁ ፊቱ አመድ መሰለ። ሸክላውን ይዞ ሲመለስ በመንገዱ ያሉት ጠረጴዛዎች ሁሉ በዓይናቸው ተከተሉት።

እትዬ አስካለ ዝግ ያለ ዜማ ጀምራ ነበር፤ ወደ ጫካ ሄዶ ስላልተመለሰ ወንድም የሚናገር። ሁለተኛው አዝማች ላይ ስትደርስ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። ዘፈኑን አቋረጠችው። ወደ ኦርጋኑ ዘወር ብላ የሆነ ነገር አንሾካሾከችና ስለ አበባና ስለ አዲስ ዓመት ወደሚያወራ የልጆች ዜማ አለፉ። ጭብጨባው ቀዘቀዘ። አንዳንዱ ሰው ሒሳብ መጠየቅ ጀመረ። ወደ ሂሩት ብመለከት ጨርቅ በእጇ ጨብጣ ቆማለች፤ ምን እንደተፈጠረ እርሷም የገባት አይመስልም።

በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነጭ ሽርጥ ታጥቀው የቢራ ሣጥን ሲያመላልሱ ያየኋቸው፣ እኔም ሠራተኛ ናቸው ብዬ ፊታቸውን ሳላጠና ያለፍኳቸው ሰው ወደ እኔ መጡ። ሽርጣቸውን ፈትተው አጠፉት። ፊቴ ሲቆሙ አገጩን አወቅሁት።

«ጌታዬ፣ ልቀመጥ?» አሉኝ።

ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ። «ቤቱ የእርስዎ ነው እኮ።»

«እስከ መቼ የእኔ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ» ብለው ተቀመጡ።

የአባቴ እኩያ ሰው አንቱ ሲሉኝ ተሸማቀቅሁ። አንተ እንዲሉኝ ለመንኳቸው፤ አልሰሙኝም። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጣሁ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቁኝ። ከቤተ መጻሕፍት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፈገግታቸው ግን የመረረ ነበር። ምን ልሠራ እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ሙዚቃ ልሰማ አልኩ። መታወቂያዬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ሳያዩት በጣታቸው መልሰው ወደ እኔ ገፉት።

«ያኔ የመጣውም አስተማሪ ነኝ ነበር ያለኝ» አሉ። «መታወቂያውም ትክክለኛ ነበር።»

ከዚያ የማያስቀውን ክፍል ነገሩኝ። ቤቱን የዘጋው ሰዓት እላፊው አልነበረም። በሰዓት እላፊው ዘመን በሩን ከውስጥ ቆልፈው እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። አንድ ምሽት ጥቁር የለበሰ፣ የማይጠጣ፣ የማያጨበጭብ፣ የሁሉንም ፊት የሚያይ ሰው መጥቶ እዚሁ ምሰሶ ሥር ተቀመጠ። እንግዳ ነው ብለው አከበሩት። ሌሊቱን ሙሉ ሰምቶ ሲነጋ ተሰናብቶ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ኦርጋን መቺውንና የሳክስፎን ተጫዋቹን ከቤታቸው ወሰዷቸው። ኦርጋን መቺው ከብዙ ጊዜ በኋላ ተፈታ። ሳክስፎን የሚነፋው ልጅ፣ የእትዬ አስካለ ታናሽ ወንድም፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አቶ ደግፌ ይህን ለልጃቸው ነግረዋት አያውቁም፤ ሕፃን ምን ይሠራላታል ብለው ሰዓት እላፊ ነው አሏት፤ እርሷም እንደዚያው አደገች።

«አሁን ጊዜው ተለውጧል ይሉኛል» አሉ። «እኔም አምኜ ከፈትኩ። ከተሳሳትኩ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጆቹ ሙዚቃ ከመምታት ሌላ የሚያውቁት የለም። የሚወሰድ ሰው ካለ እኔን ይውሰዱኝ። ግን እባክዎ ዛሬን ይጨርሱ። እርስዎ እንደወጡ ቤቱን እዘጋዋለሁ፤ ቁልፉንም ለቀበሌ እመልሳለሁ።»

አንባቢዬ፣ በዚያች ቅጽበት የነበርኩበትን ቦታ አስበው። ተነሥቼ ብወጣ ሊጠቁም ሄደ ይባላል፣ ቤቱም ይዘጋል። ብቆይ አዳራሹ በፍርሃት ይበተናል። እውነቱን ብናገር ደግሞ፣ «አማችዎ መሆን የምሻ ሰው ነኝ» ማለት፣ አንድ አባት በተሰበረበት ሰዓት ልጁን እንደመጠየቅ ነው፤ ሽማግሌዎቼ ከመምጣታቸው በፊት በሩ ይዘጋብኛል። ደግሞስ ቢያምኑኝ አይደል? ይህ ሰላይ ደግሞ ልጃችንን ጭምር ሲያጠና ኖሯል ቢሉስ?  

እትዬ አስካለ መድረኩን ለቅቃ ስትወርድ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ኦርጋን የሚጫወተው ወጣት ክንዷን ይዞ ሊያስቀራት ሞከረ፤ አልሰማችውም። ማሲንቆ መቺው ሽማግሌ ብቻ ተነሥተው ተከተሏት። እንዲህ ባለ ቤት ዘፋኝ በየጠረጴዛው እየዞረች ለእንግዳ መግጠም፣ እንግዳውም ግጥም ሰጥቶ እርሷ መልሳ መዝፈን የቆየ ልማድ ነው። እርሷ ግን የመጣችው ለጨዋታ አልነበረም። ፊቴ ቆመች፤ ማሲንቆው አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ቤቱ ጸጥ አለ።

እኔ እዘፍናለሁ፣ አንተ ትሰማለህ፤
የሰማኸውን ቃል ለማን ትነግራለህ?

 አቶ ደግፌ «አስካለ፣ ተይ» አሉ በዝግታ። አልተወችም። እጇን ዘረጋችልኝ። ኋላ እንደተረዳሁት ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነበር፤ ያ የድሮው ሰው እርሷ በመጣች ጊዜ ግጥም አልሰጠም። ጆሮውን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ድምፁን ትቶ አይሄድም። ስለዚህ እጇ መልስ ይጠብቅ ነበር።

ተነሣሁ። ሁልጊዜ በቃላት እተማመን ነበርና ያነበብኩትን ሁሉ ወደ ልቤ ጠራሁት፤ የመጣልኝም ይኸው ነው፦ «በኅሊና ሰሌዳ ላይ የተቀረጸው ረቂቅ የሙዚቃ ጥበብ የሰው ልጆችን ኅብረት ያበሥራልና…»

እትዬ አስካለ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝ። ማሲንቆ መቺው ቅኝቱን ፈልገው አጡት፤ እጃቸው ቆመ።

«ይሄ ግጥም ነው ወይስ ማመልከቻ?» አለች።

ከወደ መድረኩ አንድ ሰው ሳቁን መያዝ ተሳነው። ሌላው ቀጠለ። እርሷ ግን አልሳቀችም፤ እጇም ገና እንደተዘረጋ ነው። ያኔ የሆነልኝን ለማስረዳት እቸገራለሁ። ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ተዘጉ። የቀረኝ ነገር እውነቱ ብቻ ነበር። ወግ በተራ ንግግር የከለከለኝን ነገር፣ ዘፈን በሚፈቅደው መንገድ ልናገረው ወሰንኩ። የማንንም ስም ሳልጠራ እንዲህ አልኩ፦

ሰላይ አይደለሁም፣ አትሽሸኝ ወገኔ፤
ሽማግሌ ሳልልክ፣ ልታይ መጣሁ እኔ።

 ሰዎች የሰሙትን ቃል በልባቸው ሲያገላብጡት ይሰማኝ ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት ከመሐል «ወይኔ ጉዴ፣ አማች ነው» አለች፤ አዳራሹም ፈነዳ። የምሩን የሳቀ ሕዝብ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ሴት ልጅ ያላቸው አባቶች እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር፤ «የአንተ ናት»፣ «የለም፣ የእኔማ ገና ሰባተኛ ክፍል ናት» ይባባላሉ። ማሲንቆ መቺው ቅኝታቸውን አገኙ። እትዬ አስካለ ግጥሜን ተቀብላ በዚያ ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ዘፈነችው፤ የእኔ ቃል እንደሆነ ለማመን ቸገረኝ። ከዚያ መለሰችልኝ፦

አማች ከሆንክማ፣ ካፖርቱን አውልቀው፤
ያባቷ ዓይን ይይህ፣ ልክህንም ይወቀው።

ማምለጫ አልነበረኝም። ቁልፎቹን ፈታሁ። የኮቴ ክርን አፉን ከፍቶ፣ ገበሩ እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ ለሕዝብ ታየ። ከኋላ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ቀደም ሲል ሒሳብ ጠይቆ የነበረ፣ «በሉ ተቀመጡ፣ የደኅንነት ሰው እንዲህ አይቀደድበትም» አለ። ቢራም ጨምሮ አዘዘ።

አቶ ደግፌ አልሳቁም። ፊታቸውን በሁለት መዳፋቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እጃቸውን ሲያነሡ ጉንጫቸው ረጥቧል። ብዙ ጊዜ ተመለከቱኝ።

«ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንቱ አላሉኝም። «ያ ሰውዬ ያን ሌሊት አንዲት ስንኝ ሰጥቶን ቢሆን…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ጠጋ አሉ። «የማን ልጅ ናት?»

«ጋሼ፣ እርሱን ሽማግሌዎች ናቸው የሚናገሩት።»

ቀስ ብለው ወደ ባንኮኒው ዞሩ። ሂሩት አንድ የደረቀ ብርጭቆ አቀርቅራ ታደርቅ ነበር፤ ታደርቃለች፣ አሁንም ታደርቃለች።

«ያ ብርጭቆ ሊሰበር ነው» አሉ።

ከዚያ አስተናጋጁን ጠርተው የመለስኩትን ጥብስ እንደገና አስመጡልኝና አብረውኝ በሉ። እትዬ አስካለ ወደ መድረኩ ተመለሰች። ያቋረጠችውን ዘፈን ከመጀመሪያው አነሣችው። ሁለተኛው አዝማች ላይ ስትደርስ ብዙ ሰው ትንፋሹን ያዘ፤ አለፈችው። የሚከተለውን ክፍል ድምፅ አላወጣችለትም፤ ወጣቱ ሳክስፎን ተጫዋች ብቻውን ወሰደው፤ እርሷ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ሲያበቃ ቤቱ በሙሉ ተነሣ። እኔም ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ከምቱ ውጭ እንደነበርኩ ኋላ ነግረውኛል።

እንግዲህ ይህ ነገር በእኔ ላይ ምን ለወጠ? ከዚያ በፊት ዝምታ አክብሮት ነው ብዬ አምን ነበር። ለእኔና ላሳደገኝ ቤት እንደዚያ ነበር፤ ዛሬም አባቴ ስላስተማረኝ አላፍርም። ነገር ግን ከእኔ በፊት የነበሩ ሌሎች ሰዎች በዝምታ ያደረጉትን አላውቅም ነበር። በጆሮ ጠቢ በተጎዳ ሕዝብ መካከል ቁጭ ብሎ ፊቱን እንደ ድንጋይ የሚያኖር ሰው፣ ልቡ በደስታ ቢሞላ እንኳ፣ ሌላውን ያስፈራል። ሰዎች እንዲያምኑን ንጹሕ መሆናችን ብቻ አይበቃም፤ ከራሳችን የሆነ ነገር በፊታቸው ማኖር አለብን፤ የሚሳቅብን ነገር ቢሆንም። የተማራችሁ ወጣቶች፣ እንደ እኔ ብዙ የምታነቡና ጥቂት የምትናገሩ፣ በተለይ ለእናንተ ነው ይህን የምጽፈው። በአገራችን ብዙ ቤቶች ገና እየተከፈቱ ነው። ገብታችሁ ጥግ አትቀመጡ።

ለሙዚቃ ቤቱም እንዲሁ ነው። ያን ምሽት ቢዘጋ ኖሮ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቀው ነበር፤ ማንም ግን አያወራውም ነበር። አልተዘጋም። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይሞላል፤ የግድግዳው ቀይ ጥላም በሌላ ቀለም ተሸፍኗል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ አቶ ደግፌ ቤት ላክሁ። ሰይድ በሚኒባሱ ሊያደርሳቸው ፈቃደኛ ሆነ። እኔ በወግ መሠረት ቤቴ መቆየት ነበረብኝ፤ ግን አልቻልኩም፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ከመንገዱ ማዶ ጠበቅሁ። ሰይድ እንደ ሌባ መደበቄን እያየ ሲስቅብኝ ቆየ። ሽማግሌዎቹ ከገቡ ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና አቶ ደግፌ ራሳቸው ወጡ። ቀጥታ ወደ መኪናው መጥተው መስኮቱን አንኳኩ።

ሽማግሌዎቹ የልጁ ስም ብለው ሊነግሯቸው ሲጀምሩ እንዳስቆሟቸው ኋላ ሰማሁ። ለእኔ ያሉኝ ግን ይህ ነው፦

«ያን ምሽት ስምህን ማንም አልጠየቀህም። እኛ ቤት ለብዙ ጊዜ የማንንም ስም አንጠይቅም ነበር፤ የማናውቀውን ስም ማንም ደብድቦ ከአፋችን አያወጣብንም ብለን። ሽማግሌዎችህን አስቁሜያቸዋለሁ። ና ግባና ስምህን ራስህ ንገረኝ፤ ጮክ ብለህ፣ ቤቱ እንዲሰማ።»

ይህ ከወጉ ውጭ ነው፤ እርሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ከመኪናው ወርጄ ተከተልኳቸው። ሂሩት ከጓዳው በር ቆማለች። በሽማግሌዎቼና በቤተሰቡ መካከል ቆሜ ስሜን ከእነአባቴና ከእነአያቴ ስም በሙሉ ድምፅ ተናገርኩ። አቶ ደግፌ እንዳይረሱት ይመስል ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደገሙት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው፣ «ሰማሽ?» አሏት።